ሰዓት የሚሸጥ ጠበቃ ሰዓት የሚቆጥብ መሣሪያ ለምን ይገዛል?

እህሉ የደረሰለት ገበሬ አጫጅ ሲቀጥር አስቀድሞ የሚነጋገረው ስለ ማጭዱ ስለት አይደለም፤ ስለ ሒሳቡ ነው። በቀን ሒሳብ የተቀጠረ አጫጅ ማሳው በሦስት ቀን ቢያልቅ የሦስት ቀን፣ በአምስት ቀን ቢያልቅ የአምስት ቀን ዋጋውን ይቀበላል። በቁርጥ የተዋዋለው ግን በሁለት ቀን ጨርሶ ወደ ሌላ ማሳ ቢሻገር የሚጠቀመው ራሱ ነው። ኮምባይነር ይዞ የሚመጣው ደግሞ በኩንታል ያስከፍላልና ማሽኑ በፈጠነ ቁጥር ገቢው ይጨምራል። ማሳው አንድ፣ እህሉም አንድ ነው፤ የክፍያው ዓይነት ሲለወጥ ግን ፍጥነት ለማን እንደሚጠቅም አብሮ ይለወጣል። በቀን ሒሳብ የሚያድር ሰው ኮምባይነር እንዲመጣ የሚመኝበት ምክንያት የለውም።

ይህ የማሳ ሒሳብ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ከአጨዳ እጅግ የራቀ በሚመስል ሙያ ውስጥ ዐቢይ መነጋገሪያ ሆኗል። ሙያው ጥብቅና ነው፤ ቦታው በዋናነት አሜሪካና ብሪታንያ። በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠሩ ፕሮግራሞች ረጅም ውልን በደቂቃዎች ውስጥ አንብበው አጠራጣሪውን አንቀጽ ያመለክታሉ፤ የቀደሙ ፍርዶችን ይፈልጋሉ፤ የአቤቱታ ረቂቅ ያዘጋጃሉ። ንባብና ጽሕፈት ዋና ሥራው የሆነ ሙያ እንዲህ ያለውን መሣሪያ ከማንም ቀድሞ ይሻማበታል ተብሎ በተጠበቀ ነበር። በርካታ የጥብቅና ድርጅቶች ግን አዳዲስ መሣሪያዎችን ሲቀበሉ የኖሩት በዝግታ ነው። ለዝግታው የሚሰጡት ምክንያት አላቸው፤ የደንበኛ ምስጢር ይወጣል፣ ማሽኑ ይሳሳታል፣ ኃላፊነቱ በጠበቃው ላይ ይወድቃል ይላሉ። ሁሉም እውነትነት አለው። ከእነዚህ በስተጀርባ ግን ብዙ ጊዜ ጮክ ተብሎ የማይነገር ሌላ ምክንያት አለ፤ እርሱም ጠበቃው ለደንበኛው የሚልከው የክፍያ መጠየቂያ የሚሰላበት መንገድ ነው።

በእነዚህ ሀገራት ያሉ ታላላቅ የጥብቅና ድርጅቶች የሚሸጡት ሰዓት ነው። ጠበቃው የሥራ ቀኑን በስድስት በስድስት ደቂቃ ይከፋፍለዋል፤ አንድ ሰዓት ዐሥር ክፍል ይሆናል ማለት ነው። ለደንበኛው ስልክ ሲደውል፣ ደብዳቤ ሲያነብ፣ ከባልደረባው ጋር ስለ ጉዳዩ ሲመክር እያንዳንዱን በክፍልፋይ ይመዘግባል። አራት ደቂቃ የፈጀ የስልክ ጥሪ ስድስት ደቂቃ ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። በወሩ መጨረሻ ክፍልፋዮቹ ተደምረው፣ በጠበቃው የሰዓት ዋጋ ተባዝተው ለደንበኛው ይላካሉ።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። የሰዓት ዋጋው 300 ዶላር የሆነ ጠበቃ አንድን ውል ለመመርመር 10 ሰዓት ቢፈጅበት 3 ሺህ ዶላር ያስከፍላል። ያው ሥራ በአዲሱ መሣሪያ ታግዞ በ2 ሰዓት ቢያልቅ ሒሳቡ 600 ዶላር ይሆናል። ደንበኛው 2 ሺህ 400 ዶላር ይተርፈዋል፤ ድርጅቱ ያንኑ ያህል ያጣል፤ በዚያ ላይ የመሣሪያውን ዋጋ የሚከፍለው ድርጅቱ ነው። ጠበቃው የተረፉትን 8 ሰዓታት የሚገዛው ሌላ ሥራ ካላገኘ በስተቀር መሣሪያውን የገዛው ገቢውን ለመቀነስ ነው። ያንኑ ውል በ3 ሺህ ዶላር ቁርጥ ዋጋ ተቀብሎት ቢሆን ኖሮ ግን 8ቱ ሰዓታት የራሱ ትርፍ በሆኑ ነበር። ማሽኑ ያው ነው፤ ጠበቃውም ያው ነው።

ሰዓት መሸጥ ከጥንት የመጣ ልማድ አይደለም። በአሜሪካ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ ብዙው ጠበቃ የሚያስከፍለው እንደ ጉዳዩ ዓይነት ነበር፤ ለቤት ሽያጭ ይህን ያህል፣ ለኑዛዜ ይህን ያህል እየተባለ። የየአካባቢው የጠበቆች ማኅበራትም ዝቅተኛውን ዋጋ በሰንጠረዥ ያወጡ ነበር። እ.ኤ.አ በ1958 የአሜሪካ ጠበቆች ማኅበር ያሳተመው አንድ አነስተኛ ጽሑፍ የጠበቆች ገቢ ከሌሎች ባለሙያዎች ወደኋላ መቅረቱን ጠቅሶ ሰዓታቸውን በጥንቃቄ እንዲመዘግቡ መከረ። አንድ ጠበቃ በዓመት ሊያስከፍልበት የሚችለውንም ጊዜ ወደ 1 ሺህ 300 ሰዓት ገመተው።

የዋጋ ሰንጠረዡን ጨርሶ የጣለው ግን ቤት መግዛት የፈለጉ የአንድ ባልና ሚስት ጉዳይ ነው። በቨርጂኒያ ግዛት፣ በፌርፋክስ ካውንቲ ቤት ሲገዙ የባለቤትነቱን ማስረጃ በጠበቃ ማስመርመር ነበረባቸው። የመጀመሪያው ጠበቃ በሰንጠረዡ መሠረት የቤቱን ዋጋ 1 በመቶ ጠየቃቸው። ለሌሎች 36 ጠበቆች ጻፉ፤ 19ኙ መለሱላቸው፤ ከሰንጠረዡ ዝቅ አድርጌ እሠራለሁ ያለ አንድም አልተገኘም። የሀገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ በ1975 እንዲህ ያለው ሰንጠረዥ የንግድ ውድድርን የሚጻረር የዋጋ ስምምነት ነው ሲል ወሰነ። ከዚያ በኋላ ሰዓት ይበልጥ ነገሠ። ደንበኞችም ቢሆኑ አልጠሉትም ነበር፤ ገንዘባቸው በምን ላይ እንደዋለ በዝርዝር ያሳያቸዋልና። ዛሬ የቴክኖሎጂ እንቅፋት ተብሎ የሚወቀሰው አሠራር በዘመኑ የመጣው የግልጽነት መሣሪያ ተደርጎ መሆኑን መርሳት ፍርደ ገምድልነት ነው።

ችግሩ እያደር ሥር የሰደደው በድርጅቶቹ አወቃቀር ውስጥ ነው። በላይ ሸሪክ የሆኑ ጥቂት ነባር ጠበቆች፣ በታች ደግሞ ብዙ ወጣት ጠበቆች አሉ። ሸሪኮቹ ከወጣቱ ጠበቃ ሰዓት ያተርፋሉ፤ ለደንበኛው የሚሸጡበት ዋጋ ለወጣቱ ከሚከፍሉት ደመወዝ ይበልጣልና። ስለዚህ ለወጣቱ ዓመታዊ ግብ ይሰጠዋል፤ በታላላቆቹ ድርጅቶች ግቡ ከ1 ሺህ 800 እስከ 2 ሺህ ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ነው። ጉርሻው የሚታየው፣ ብዙ ጊዜም እድገቱ የሚመዘነው በዚህ ቁጥር ነው። እንግዲህ ሥራውን በግማሽ የሚያሳጥር ፕሮግራም በጠረጴዛው ላይ ቢቀመጥለት ወጣቱ ምን ያደርጋል? ፕሮግራሙን ለመማር የሚያጠፋው ጊዜ ለማንም ደንበኛ አይሸጥም። ከተማረው በኋላ ደግሞ የሚመዘገብለት ሰዓት ይቀንሳል። ወጣቱን ቴክኖሎጂ ይፈራል ብሎ መውቀስ ቀላል ነው፤ የሚያደርገው ግን ማንኛውም ሒሳብ የሚያውቅ ሰው የሚያደርገውን ነው።

ወደኋላ መለስ ብለን ብናይ አዳዲስ መሣሪያዎች ወደ ሙያው የገቡት ከፋዩ ሲገፋ ወይም ወጪው ወደ ደንበኛው ሲዞር እንደነበር እንገነዘባለን። ከ1970ዎቹ ጀምሮ ፍርዶችን በኮምፒዩተር ለማፈላለግ የሚያስችሉ የመረጃ ቋቶች ሲመጡ ብዙ ድርጅቶች የአጠቃቀሙን ዋጋ በደንበኛው ሒሳብ ላይ ይጨምሩት ነበር፤ ስለዚህ መሣሪያው ተቃዋሚ አልነበረውም። በ2012 ደግሞ ኒው ዮርክ ውስጥ በነበረ አንድ የሠራተኛና የአሠሪ ክርክር ከ3 ሚሊዮን በላይ ኢሜይሎችን መመርመር ግድ ሆነ። ፍርድ ቤቱ ምርመራው በኮምፒዩተር ታግዞ እንዲከናወን ፈቀደ፤ ከዚያ ወዲህ ያ ውሳኔ በተደጋጋሚ የሚጠቀስ ሆኗል። መሣሪያውን የፈለገው ኢሜይሎቹን የማስመርመር ወጪ የተሸከመው ተከሳሽ ወገን ነበር። በሚሊዮን የሚቆጠር ወረቀት በሰው ዓይን ሲነበብ ሒሳቡ ምን ሊሆን እንደሚችል የሚያውቀው ከፋዩ ነውና።

ሕጉና የሙያ ሥነ ምግባሩ ስለዚህ ጉዳይ ዝም አላሉም። የአሜሪካ ጠበቆች ማኅበር በ1993 ባወጣው የሥነ ምግባር አስተያየት ጠበቃ ያልሠራበትን ሰዓት ሊያስከፍል እንደማይችል አስታወቀ። ለአንዱ ደንበኛ በአውሮፕላን ሲጓዝ የሌላውን ደንበኛ ሰነድ የሚያነብ ጠበቃ ያንኑ ሰዓት ለሁለቱም አይሸጥም፤ ለአንዱ የጻፈውን ለሌላው ሲጠቀምበትም ድሮ የፈጀበትን ሰዓት ዳግም አይቆጥርም። ይኸው ማኅበር በሐምሌ 2024 ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት በሰጠው አስተያየት መርሁን ወደ አዲሱ ዘመን አመጣው። ጠበቃው ለማሽኑ መረጃ ለመስጠት 15 ደቂቃ ከፈጀበት የሚያስከፍለው 15 ደቂቃውንና ረቂቁን ለማረም ያጠፋውን ጊዜ ነው፤ ማሽኑ ባይኖር ይፈጅብኝ ነበር የሚለውን አይደለም። መሣሪያውን ለመማር ያጠፋውንም ጊዜ በመርህ ደረጃ ከደንበኛው ኪስ ሊያወጣ አይችልም። ቁርጥ ዋጋ የሚያስከፍለውም ቢሆን ማሽኑ ሥራውን እጅግ ካቀለለለት የድሮውን ዋጋ መጠየቁ ተገቢ ላይሆን እንደሚችል አስተያየቱ ያሳስባል።

አስተያየቱ ትክክል ነው። ነገር ግን አንድ ያልታሰበ ውጤት አለው፤ ሐቀኛው ጠበቃ በሰዓት ማስከፈሉን እስካልተወ ድረስ መሣሪያውን በተጠቀመ ቁጥር ገቢው ይቀንሳል። መውጫው ከሦስት አንዱ ነው። ወይ የሰዓት ዋጋውን ከፍ ያደርጋል፤ ወይ ወደ ቁርጥ ዋጋ ይሻገራል፤ ወይ መሣሪያውን ይተወዋል። አራተኛው መንገድ ማታለል ነው፤ ማሽኑ በደቂቃ የሠራውን በሰዓት መመዝገብ። ደንበኛው ጠበቃው ክፍል ውስጥ ገብቶ አያይምና ይህን የሚይዘው ሰው ጥቂት ነው።

ክፍያው ከሰዓት ጋር ባልታሰረበት የጥብቅና ዘርፍ ያለው ሁኔታ ፍጹም የተለየ ነው። አሜሪካ ለሚገኙ ወገኖቻችን ቅርብ የሆነውን የኢሚግሬሽን ጥብቅና እንመልከት። ለጥገኝነት ማመልከቻም ሆነ ለቤተሰብ ማምጫ ጉዳይ ጠበቆች በአብዛኛው የሚያስከፍሉት ቁርጥ ዋጋ ነው። ቅጾቹ ብዙና ተመሳሳይ በመሆናቸው የአመልካቹን መረጃ አንድ ጊዜ ተቀብሎ ቅጾቹን ሁሉ የሚሞላ ፕሮግራም ለጠበቃው ቀጥተኛ ትርፍ ነው። በመኪና አደጋ ካሳ ጉዳይ ደግሞ ጠበቃው የሚወስደው ከሚገኘው ገንዘብ ድርሻ ነው፤ ብዙ ጊዜ ሲሶ ገደማ፤ ካልረታ ምንም። የእኩል እርሻን ለሚያውቅ አንባቢ ስምምነቱ እንግዳ አይሆንበትም። በዚህ ስምምነት የባከነ ሰዓት የጠበቃው ኪሳራ ነው።

በአውሮፓ የዘገየ በረራ ካሳ የሚያስከፍሉ ድርጅቶች የዚህ ጫፍ ማሳያ ናቸው። በአውሮፓ ኅብረት የ2004 ደንብ መሠረት ከኅብረቱ አየር ማረፊያ ተነሥቶ ከ3 ሺህ 500 ኪሎ ሜትር በላይ የሚጓዝ መንገደኛ በረራው በአየር መንገዱ ጥፋት ቢሰረዝበት ወይም እጅግ ቢዘገይበት 600 ዩሮ ካሳ ሊጠይቅ ይችላል። ከፍራንክፈርት ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ ዘመዳችንም በዚህ ውስጥ ይካተታል። ለ600 ዩሮ በሰዓት የሚያስከፍል ጠበቃ የሚቀጥር የለም፤ ክፍያው ከካሳው ይበልጣል። ድርጅቶቹ ግን የበረራ መረጃውን በኮምፒዩተር አጣርተው፣ ደብዳቤውን በኮምፒዩተር ጽፈው፣ ከካሳው ድርሻቸውን ያነሣሉ። መሣሪያው ባይኖር ኖሮ ይህ መብት በወረቀት ላይ ብቻ በቀረ ነበር። በግንቦት 2025 ደግሞ የእንግሊዝና ዌልስ የጠበቆች ተቆጣጣሪ አካል ጋርፊልድ ሎው የተባለ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠራ የሕግ ድርጅት ሥራ እንዲጀምር ፈቅዷል። ድርጅቱ እስከ 10 ሺህ ፓውንድ የሚደርስ ዕዳ ያልተከፈላቸው አነስተኛ ነጋዴዎች ገንዘባቸውን እንዲያስመልሱ ያግዛል፤ የመጀመሪያውን የማስታወሻ ደብዳቤ የሚጽፈው ከ2 ፓውንድ ጀምሮ ነው። በሰዓት የሚሠራ ጠበቃ በ2 ፓውንድ ስልኩን እንኳ አያነሣም።

ይህ ሲባል ቁርጥ ዋጋ ነቀፋ የለበትም ማለት አይደለም። በቁርጥ የተዋዋለ አጫጅ ሊቸኩል፣ ዘለላውን ሊያረግፍ እንደሚችል ገበሬ ሁሉ ያውቃል። ጠበቃም እንዲሁ። ኒው ዮርክ ውስጥ በሰኔ 2023 አንድ የፌዴራል ዳኛ ጠበቆችን 5 ሺህ ዶላር የቀጡት ቻትጂፒቲ የፈጠራቸውንና ፈጽሞ ያልነበሩ ፍርዶችን እንደ እውነተኛ ፍርድ ጠቅሰው በማቅረባቸው ነው። ጉዳዩ በአውሮፕላን ውስጥ ደረሰብኝ ያለውን ጉዳት መነሻ አድርጎ አንድ መንገደኛ ያቀረበው የካሳ ክስ ነበር። ማሽኑ የጻፈውን አንድ በአንድ ማጣራት ሰዓት ይፈጃል፤ ያ ሰዓት ካልተከፈለበት ደግሞ ለመዝለል ፈተናው ብርቱ ነው። ሰዓት መሸጥ ጠበቃውን ወደ ማብዛት፣ ቁርጥ ዋጋ ወደ ማሳነስ ይገፋዋል። በዚህ ጸሐፊ እይታ ከሁለቱ የሚሻለው ቁርጡ ነው፤ ምክንያቱም ደንበኛው ዋጋውን አስቀድሞ ያውቃል። የማጣራቱ ግዴታ ግን በውሉ ውስጥ በግልጽ ካልተጻፈ የደንበኛው ትርፍ ከንቱ ነው።

ወደ ሀገራችን ስንመለስ መነሻው ይለያል። በእኛ ዘንድ አብዛኛው ጠበቃ ለጉዳዩ ጥቅል ዋጋ ይነጋገራል፤ ከፊሉን ሲጀምር፣ ቀሪውን በሒደት ወይም ከፍርድ በኋላ ይቀበላል፤ አንዳንዴም ከሚፈረደው ገንዘብ በመቶኛ ይታሰብለታል። ስለዚህ ፍጥነትን የሚጠላበት ምክንያት ከኒው ዮርኩ ጠበቃ ያነሰ ነው። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት የሚሰጣቸው አስገዳጅ የሕግ ትርጉሞች ከ20 በላይ ቅጾች ሆነው ታትመዋል። ከእነዚህ ውስጥ ለአንድ የመሬት ይዞታ ክርክር የሚስማማውን ውሳኔ በእጅ ማገላበጥ ቀናት ሊወስድ ይችላል፤ በኮምፒዩተር ለሚፈልግ ግን የደቂቃዎች ሥራ ሊሆን ይችላል። የእኛ እንቅፋት ሌላ ነው፤ መሣሪያዎቹ በእንግሊዝኛ የሚያሳዩትን ብቃት በአማርኛ አያሳዩም፤ የክልል ፍርድ ቤቶች ውሳኔም እንደ ሰበሩ ተሰብስቦ በሰፊው አይገኝም።

ክፍያው እዚህም ያለ ሚና አልቀረም። ለምሳሌ ከክልል የሚመጡ የሰበር ጉዳዮች በቪዲዮ ኮንፈረንስ፣ በተለምዶ ፕላዝማ በሚባለው፣ የሚሰሙበት አሠራር አለ። ጠበቃው የተዋዋለው መጓጓዣውን ጨምሮ በጥቅል ዋጋ ከሆነ ፕላዝማው ይጠቅመዋል፤ በየቀጠሮው አበልና መጓጓዣ ደንበኛው ይከፍላል በሚል ውል ከሆነ ግን ፕላዝማው አበሉን ያስቀርበታል። አረንጓዴ ደብተሩን ይዞ ስለ ድንበር የሚከራከር ገበሬ በሬውን ሸጦ የሚከፍለው ገንዘብ ከእነዚህ ሁለት ውሎች በየትኛው ላይ እንደሚያርፍ ማወቅ ይገባዋል።

የፌዴራል ጥብቅና አገልግሎት ፈቃድ አሰጣጥና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1249/2013 ጠበቆች በጥብቅና ድርጅት ተደራጅተው እንዲሠሩ መንገድ ከፍቷል። ድርጅት መሆኑ መልካም ነው፤ በአንድ ጠበቃ አቅም የማይገዛ መሣሪያ በጋራ ይገዛል። ነገር ግን ባንኮችንና የውጭ ባለሀብቶችን የሚያገለግሉ ድርጅቶች ከውጭ አቻዎቻቸው የሰዓት ሒሳቡንም አብረው ሊቀዱ ይችላሉ። ያ ከሆነ ሌላው ዓለም ሊወጣበት የሚታገለውን በር እኛ እየገባንበት ነው። በተቃራኒው ፍጥነት ሙሉ በሙሉ ለተገልጋዩ የሚውለው ዩኒቨርሲቲዎች በከፈቷቸው ነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት ነው። ክፍያ በሌለበት የተረፈው ሰዓት ወደ ማንም ኪስ አይገባም፤ በሩ ላይ ተሰልፎ ለሚጠብቀው ለቀጣዩ ሰው ይሆናል። መሣሪያ ለመግዛት ዐቅም የሚያንሳቸውም እነርሱ ናቸው።

ጠበቃ ለመያዝ የሚሄድ ሰው ስለ ማሽኑ መጠየቅ አይጠበቅበትም። ዋጋው የጉዳዩ ነው ወይስ የቀጠሮው? ጉዳዩ በመጀመሪያው ቀጠሮ በእርቅ ቢያልቅስ ስንት ይመለሳል? ይግባኝ ቢባል ዋጋው ያው ነው? የአቤቱታውን ረቂቅ ማን ይጽፈዋል፣ የተጠቀሰውንስ ሕግ ማን ያረጋግጠዋል? እነዚህ ከፊርማ በፊት የሚጠየቁ ናቸው፤ መልሳቸውም በቃል ሳይሆን በጥብቅና አገልግሎት ውሉ ላይ መስፈር ይኖርበታል።

በፍርድ ቤት ደጃፍ የሚቀመጡ ማመልከቻ ጸሐፊዎችን ያየ ሰው ደግሞ ይህን ሁሉ ከአጭር ርቀት ይረዳዋል። ኮምፒዩተሩ በታይፕ መኪናው ቦታ ሲገባ ማንም አልተቃወመውም፤ ምክንያቱም ከእነርሱ መካከል በገጽ የሚያስከፍሉ አሉና። ከሌላ ሰው አቤቱታ ላይ ሦስት አንቀጽ ገልብጦ መለጠፍ በኮምፒዩተር የደቂቃ ሥራ ነው፤ ገጹ ግን እንደ ገጽ ይቆጠራል። ሦስት ገጽ የነበረው አቤቱታ አምስት ገጽ ይሆናል፤ ባለጉዳዩም ያላነበበውን ተቀብሎ፣ የአምስቱን ገጽ ከፍሎ ወደ መዝገብ ቤት ይገባል።